ያልያዘውን ጨዋታ የሸጠው ኳስ ቤት፦ ደብረ ብርሃን ላይ የገጠመ የስርጭት መብት ጣጣ

ጉዳዩ

ይህ ስለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ። ጊዜው በዋናነት ከኅዳር እስከ የካቲት 2016 ዓ.ም.። ባለቤቱ የአፍሪካ ዋንጫን ሙሉ ውድድር በካርድ ሸጠ፤ ካርዱ ካለቀ በኋላ ውድድሩ በዲኮደሩ እንደማይመጣ ተሰማ። ሰውየው አጭበርባሪ አይደለም። ኳስ የተባለ ሁሉ በዚያች አንዲት ዲኮደር ውስጥ ያለ መስሎት ነው። እንደሱ የሚያስብ ሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ጉዳዩን መጻፍ የፈለግኩት።

ባለቤቱ እንዲጻፍ ፈቅዷል፣ ስሙ እንዳይነሳ ብቻ ጠይቋል። እኔ የቤቱ ደንበኛ ነኝ። ሂሳብ ነገር ስለምሞክር ነገሩ ሲበላሽ ደብተሩን አብረን አይተነዋል፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ ከደብተሩ የመጡ ናቸው።

ቤቱ እንዴት ይሠራ ነበር

ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ዲኮደር። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ጠዋት ጠዋት የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ ይጻፍበታል። መግቢያ 15 ብር። ትልቅ ጨዋታ ሲሆን 20። ሚስቱ ጥግ ላይ ዝንጅብል ሻይ ታፈላለች፣ እውነቱን ለመናገር ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ግማሹ ሰው የሚገባው ለሻዩና ለሙቀቱ ነው፤ ኳሱ ምርቃት ነው። ሰዉ ባለቤቱን «ጋሼ» ይለዋል፣ እሷን «እትዬ»።

ደንበኞቹ ባጃጅ ነጂዎች፣ የፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኞች፣ ጥቂት መምህራን ናቸው። ፈረቃ ያለበት ሰው ቀን የሚታይ ጨዋታ ይፈልጋል፣ ሌላው ማታ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

አንድ ዲኮደር ማለት ሁለት ቴሌቪዥን ቢኖርም አንድ ጨዋታ ማለት ነው። ቅዳሜ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በአንድ ሰዓት ከተጫወቱ ጭቅጭቅ አለ። ባለቤቱ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ስርጭት የሚያውቀው ችግር ይሄ ብቻ ነበር።

መብቱ ከላይ እንዴት ይቆራረጣል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። የውጭ አገሮቹ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው ባለቤት ጣቢያው አይደለም። ውድድሩን የሚያዘጋጀው አካል ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር ክለቦቹ የቴሌቪዥን መብታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለመሸጥ ተስማሙ፣ የመጀመሪያውን የቀጥታ ስርጭት ስካይ የሚባለው ጣቢያ ወሰደ። ስፔን ውስጥ ግን እስከ 2015 ድረስ እያንዳንዱ ክለብ የራሱን ለብቻው ይሸጥ ነበር፤ ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ዋናውን ገንዘብ ጠቅልለው ይወስዱ ነበር፣ የቀረው ፍርፋሪ ይለቅም ነበር። በአዋጅ ነው አንድ ላይ እንዲሸጥ የተደረገው።

አንድ ላይ የተሰበሰበው መብት ሲሸጥ ደግሞ ይቆራረጣል። ይህን ለባለቤቱ ሳስረዳ እትዬ ቀድማኝ «እንደ ቅርጫ በሬ ነዋ!» አለች። ልክ ናት፣ ግን አንድ ልዩነት አለ። በቅርጫ ሁሉም መደብ እኩል እንዲሆን ከጉበቱም ከሽንጡም ይደለደላል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። በስርጭት መብት ግን መደቡ ሆን ተብሎ እኩል አይደረግም። አንደኛው እሁድ የሚደረጉትን ትልልቅ ጨዋታዎች ይይዛል፣ ሌላው ማንም የማይጓጓለትን ሰዓት። ዕጣ የለም፣ ጨረታ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቀጥታ ስርጭቱ ሁሉ የስካይ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህ ውድድርን ይገድላል ብሎ ተጫነ፣ ስለዚህ ከ2007 ጀምሮ መብቱ በ6 መደብ ተከፍሎ አንድ ገዢ ስድስቱንም መውሰድ እንዳይችል ተደረገ። ስካይ 4 መደብ ወሰደ፣ 92 ጨዋታ። ሴታንታ የሚባል ጣቢያ 2 መደብ ወሰደ፣ 46 ጨዋታ። ለተመልካች ጥሩ ይመስላል አይደል? እንግሊዛዊው ግን ለአንድ ጣቢያ ይከፍል የነበረው ሁለት ቦታ መክፈል ጀመረ። ሴታንታ ደግሞ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ገንዘብ አልቆበት በ2009 እንግሊዝ ውስጥ ተዘጋ። ፉክክሩ ዋጋውን ለሊጉ አናረው እንጂ ለተመልካች አላወረደውም። በ2025 የተጀመረው የአራት ዓመት ውል 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው፣ ስካይና ቲኤንቲ ስፖርትስ ተካፍለውታል፣ አብዛኛው የስካይ ነው።

በዚያው ዘመን አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። ጂቲቪ የሚባል ድርጅት በ2007 አብዛኛውን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለአፍሪካ ገዛ፣ በዲኤስቲቪ ከሚታየው ሱፐርስፖርት ጋር ተፎካከረ፣ ጥር 2009 ላይ ከሰረ። ተመዝጋቢው ምንም የማያሳይ ዲኮደር ታቅፎ ቀረ።

ሁለተኛው መቁረጫ አገር ነው። ፕሪሚየር ሊግ ለእንግሊዝ የሸጠውን ለሌላው ዓለም ለየብቻ ይሸጣል። ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ሱፐርስፖርት ይዞታል፣ እኛ ዲኤስቲቪ በምንለው በኩል ይደርሰናል። ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ ግን ቢኢን የሚባለው ጣቢያ ነው። የቢኢን ምልክት ከሰማይ ወደኛም ይወርዳል፣ ዲሽ ያዞረ ሰው ያገኘዋል፤ መብቱ ግን እኛን አይጨምርም። ምልክቱ መድረሱና መብቱ መድረሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ በነሱ 9 ሰዓት የሚደረጉ ጨዋታዎች በቀጥታ አይተላለፉም። ሰው ስታዲየም መሄድ እንዳይተው ተብሎ የተደነገገ የቆየ ክልከላ ነው፣ እዚያው አገር ብቻ ይሠራል። ከእንግሊዝ ውጭ ግን 380ውም ጨዋታ ይሸጣል። ይህን ስነግረው ጋሼ ሳቀ፤ «ማንቸስተር ያለው ሰውዬ ያላየውን ጠባሴ ያለ ባጃጅ ነጂ በ15 ብር ያያል በለኛ!» አለ። በነገራችን ላይ እነዚያ ጨዋታዎች ናቸው እኛ ጋ አንዴ 11 ሰዓት፣ አንዴ 12 ሰዓት የሚሆኑት። እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ በመጋቢት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ እኛ ባለንበት ነን። በየዓመቱ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሰው 11 ሰዓት መጥቶ ባዶ ሜዳ ያያል።

ሦስተኛው መቁረጫ የመመልከቻ መንገድ ነው። በክፍያ የሚታይ ጣቢያ አንድ መብት ነው፣ ነጻ ጣቢያ ሌላ፣ በኢንተርኔት ማሳየት ሌላ። በቀጥታ ማሳየትና ዘግይቶ ማሳየት ይለያያል፤ የድምቀት ቅንብርም የራሱ ዋጋ አለው። ቋንቋም እንዲሁ ይለያል፤ በእንግሊዝኛ የገዛው በፈረንሳይኛ ላይኖረው ይችላል።

የራሳችን ሊግም በዚህ መንገድ ሄዷል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የስርጭት መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር የዲኤስቲቪና የሱፐርስፖርት ባለቤት ለሆነው መልቲቾይስ ተሸጠ፣ ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት መታየት ጀመሩ፣ የዚያን ዓመት ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋታዎቹ በየክለቡ ሜዳ መሆናቸው ቀርቶ በዙር አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው እንዲደረጉ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ካሜራ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቻናል፣ ሱፐርስፖርት ልዩ፣ ከዚያ በኋላ መጣ። ያ ቻናል ለዚህ ቤት ብዙ ሰው አምጥቷል፤ ግን ባለቤቱ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነትም አሳድሯል። በአማርኛ የሚያወራ ጣቢያ ካለን የኛ የሆነ ሁሉ እዚህ ይመጣል ብሎ አሰበ። የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ከእንግሊዝ ሊግ የበለጠ የኛ ነው አይደል?

አይደለም። የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ ነው። ካፍ በኮትዲቯር የተካሄደውን ውድድር ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ የሸጠው ለኒው ወርልድ ቲቪ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቶጎ፣ ሎሜ ያለ ድርጅት። ዲኤስቲቪ ውድድሩን ለማሳየት ከሎሜ መግዛት ነበረበት።

ችግሩ

ኅዳር ላይ ባለቤቱ «ሙሉ ካርድ» አሳተመ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ በጠንካራ ወረቀት አሠራው፣ ማኅተም መታበት። 52 ጨዋታ፣ 300 ብር። በነጠላ ቢገባ 780 ብር ነው፤ ስለዚህ ለደንበኛው ርካሽ ነው፣ ለሱ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ በአንዴ እጁ ይገባል። 60 ካርድ ሸጠ። 18,000 ብር። ከደረሰው እቁብ ጋር ቀላቅሎ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛበት።

ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ወሬው መጣ። ዲኤስቲቪ የአፍሪካ ዋንጫን መብት አላገኘሁም አለ። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፣ የሞባይል ዳታ ተቋርጧል፣ ወሬ የሚመጣው በሬዲዮና አዲስ አበባ ካለ ዘመድ በስልክ ነው። አንዱ ባጃጅ ነጂ አዲስ አበባ ያለ ወንድሙን ጠይቆ አረጋገጠና በማግስቱ ካርዱን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ገንዘቤን ብትመልስልኝ?»

«ገና ጊዜ አለው እኮ ልጄ። ይስተካከላል።»

«ካልተስተካከለስ?»

መልስ አልነበረውም። ገንዘቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ 55 ኢንች ሆኖ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ወደ ወኪሉ ሄደ። ክፍያ የሚከፍልበት ሱቅ ያለው ሰው ነው። «አታስብ፣ ይገባል፣ ሁሌም እንዲህ ብለው ነው የሚያስገቡት» አለው። ኋላ ነገሩ እንዳለው ሆነ፤ ግን ሰውየው አውቆ አልነበረም፣ እንዲሁ ደፍሮ ነው። ወኪል ካርድ ይሞላል፣ ዲኮደር ይሸጣል። ሎሜና የዲኤስቲቪ መቀመጫ ጆሃንስበርግ ምን እንደሚነጋገሩ በምን ያውቃል?

ሁለተኛ፣ ዲሽ ሠሪ ተጠራ። እዚህ አገር ለኳስ ችግር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ዲሽ ሠሪ ነው። ሁለት ሐሳብ አመጣ። አንደኛው ሪሲቨር ገዝቶ በሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚመጣ የመክፈቻ ኮድ፣ ቢኢንን መክፈት። ይህ ሕጋዊ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ ባለቤቱም ገባው፣ ግን ሐሳቡን ያስጣለው ሕጉ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ሰርቨር ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለም። ሁለተኛው ያህሳት ወደሚባለው ሳተላይት ዲሽ አዙሮ ቫርዚሽን መሞከር። ቫርዚሽ የታጂኪስታን ጣቢያ ነው፤ መብቱ ለአገሩ ሲሆን ምልክቱ ግን እኛ ጋ ይደርሳል፣ ስንቱ ሰው የአውሮፓን ኳስ በነጻ ያየበት ነው። ጣሪያ ላይ ወጥተው ሲያዞሩ ዋሉ። ተዘግቶ አገኙት። ነገሩም አይገርምም፣ ለታጂኪስታን የተሸጠ ነገር ሰሜን ሸዋ ላይ ሲታይ የሚቆጣ ገዢ አለ።

ነጻ ጣቢያ ያሳየው ይሆናል የሚል ወሬም ነበር። በወሬ ተማምኖ ግን ካርድ ይዞ መቀመጥ አይቻልም።

ሦስተኛው እርምጃ ስብሰባ ነው፣ ሐሳቡ የእትዬ ነበር። ባለቤቱ ሰዉን በየተራ እያባበለ ጊዜ መግዛት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን «ሁሉንም ጥራና በአንድ አፍ ንገራቸው፤ ለአንዱ ያልከው ለሌላው ተጣሞ ይደርሳል» አለችው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተጠሩ። እሷ ሻይ ቀዳች፣ በነጻ። እሱ ቆሞ እንዲህ ሲል አስረዳ፦ ጨዋታውን እኔ አልያዝኩትም፣ ዲኤስቲቪም እስካሁን አልያዘውም፤ ቢመጣ አሳያለሁ፣ ባይመጣ አላሳይም። ከዚያ ሁለት አማራጭ ሰጠ። ገንዘብ የፈለገ ይመለስለታል፣ ግን ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከወር በኋላ። ያልፈለገ ደግሞ 300 ብሩ በ15 ተካፍሎ 20 ጨዋታ ይሆንለታል፤ የትኛውንም ጨዋታ፣ የእንግሊዝም ይሁን የቻምፒየንስ ሊግ፣ የአፍሪካ ዋንጫም ከመጣ።

25 ሰው ገንዘብ መረጠ። 30ው ጨዋታ መረጠ። 5ቱ ዝም ብለው ካርዳቸውን ይዘው ሄዱ፤ እነሱን እስከ ዛሬ ድረስ «ታጋሾቹ» እንላቸዋለን። ለ25ቱ 7,500 ብር ይመለሳል። የመጀመሪያው ግማሽ ከሻይ ቤቱ ሂሳብና ከብድር ወጣ። ሁሉም ስም በደብተር ተጻፈ፣ ሁሉም ፈረመ።

ውድድሩ ሲጀመር

ውድድሩ ጥር 4 ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሱፐርስፖርት ከኒው ወርልድ ቲቪ ጋር ተስማማ፤ 52ቱንም አሳያለሁ አለ። ወኪሉ ደስ አለው፣ «አላልኩህም?» አለ። ገንዘብ የወሰዱት ግን «ካርዳችን ይመለስልን» ብለው መጡ። አልተመለሰም፤ ደብተሩ ላይ ፈርመዋል። በነጠላ 15 ብር እየከፈሉ ገቡ። ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ ተቀይመው ሌላ ቤት ሄዱ።

ከዚያ ነው ሌላው ነገር የታየው። ጨዋታዎቹ በኛ አቆጣጠር ቀን 11 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓትና ሌሊት 5 ሰዓት ነበሩ። በአዋጁ ምክንያት ቤቱ በጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ በቀጥታ የሚታየው የ11 ሰዓቱ ብቻ ነው። ማለትም መብቱ ከመጀመሪያው ተገኝቶ ቢሆን እንኳ «52 ጨዋታ» የሚለው ካርድ ሊከበር አይችልም ነበር። ካርዱ ሲታተም አዋጁ ነበረ፣ የሰዓቱ ፕሮግራምም ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም ሰው ስለ ጣቢያው ሲጨቃጨቅ ሰዓቱን ረሳው።

መፍትሔው ድጋሚ ስርጭት ሆነ። የማታው ጨዋታ በማግስቱ ሲደገም ቤቱ ጠዋት መክፈት ጀመረ፣ መግቢያው ከሻይ ጋር 10 ብር። ይሄ ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ውጤቱ የታወቀ ኳስ ማን ያያል? ግን ዳታ ስለሌለ ብዙ ሰው ውጤቱን አያውቅም። ሬዲዮ የሰማ አለ፣ ለሱ ደግሞ ሕግ ወጣ፦ ውጤት የተናገረ ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። አንድ መምህር በዚህ ሕግ ክፉኛ ተቀጥቷል። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ልጆች ቁርሳቸውን እየበሉ ያዩ ነበር። ኮትዲቯር ናይጄሪያን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት ፍጻሜ እሁድ ሌሊት 5 ሰዓት ነበር፤ ቤቱ የሞላው ሰኞ ጠዋት ነው፣ ሃለር ሁለተኛውን ሲያገባ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። በዕለተ ጥምቀት ግን በ11 ሰዓቱ ጨዋታ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ይሄም ፕሮግራም ሲወጣ መታሰብ ነበረበት።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ካርዱን ከውድድር ወደ ጨዋታ ብዛት መቀየሩ ከሁሉም የተሻለ ሠርቷል። 20 ጨዋታ የመረጡት ሰዎች ምንም አልጎደለባቸውም፤ ጣቢያው አመጣ አላመጣ፣ ሰዓቱ ተመቸ አልተመቸ፣ የቀረውን በእንግሊዝ ሊግ ጨረሱ። ስብሰባውም ሠርቷል። ከ60 ሰው ወደ ሽማግሌም ወደ ቀበሌም የሄደ የለም።

ሰርቨሩ አልሠራም፤ እንኳንም አልሠራ። የዲሹ ማዞር የዲሽ ሠሪውን አበል በላ እንጂ ምንም አላመጣም። የወኪሉ ቃል ባጋጣሚ እውነት ሆነ፣ ግን በሱ ተማምኖ ስብሰባውን ቢተወው ኖሮ ያንን ጊዜ ከ60 ሰው ጋር በምን ፊት ያሳልፈው ነበር?

ሌላም ያልሠራ ነገር አለ። በተከታዩ የውድድር ዓመት አካባቢው ያሉ ሦስት ኳስ ቤቶች ተነጋግረው ለመከፋፈል ሞከሩ። አንዱ ፕሪሚየር ሊግ፣ ሁለተኛው ሌላ ኩባንያ ዲኮደር አስገብቶ የሌሎቹን አገሮች ሊጎች፣ ሦስተኛው የአገር ውስጥ ሊግ ያሳያል። ሁሉም የራሱ ገበያ ይኖረዋል፣ ወጪም ይቀንሳል ተባለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ደንበኛው የሚፈልገው እኩል አይደለም። አርሰናል ሲጫወት ሌሎቹ ሁለት ቤቶች ባዶ ናቸው፣ የአገር ውስጡን የያዘው ሰው ቡናና ጊዮርጊስ ሲገናኙ ብቻ ይሞላለታል። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ወደ አርሰናል ተመለሱ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ለአንድ መደብ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ በጠባሴ ስፋት ያየሁት ያኔ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትይዝ ያቺን አንዷን ካልያዝክ የለህም።

ለሌላ ኳስ ቤት የሚሆን

አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ይህን ውድድር ለኛ አገር የገዛው ማነው? ዲኮደሬ የዚያ ገዢ ነው ወይስ ከሌላ የሚገዛ? በያዝኩት ፓኬጅ ውስጥ ነው ወይስ ከፍ ባለው? በኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው፣ ያኔስ ቤቴ ክፍት ነው? አራቱን መመለስ ያልቻለ ሰው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ካርድ ግን አይሽጥ።

መብት ጊዜ አለው። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ሆኖ ያልቃል፣ እንደገና ይጫረታል። ዘንድሮ ያየነው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጣቢያ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲኮደር ከመግዛት በፊት «ውሉ መቼ ያልቃል?» ማለት ያስፈልጋል። የኩባንያ ባለቤትነት ራሱ ይቀየራል፤ መልቲቾይስን እ.ኤ.አ. በ2025 ካናል ፕላስ ጠቅልሎታል። ከዚህ በኋላ ምን በየትኛው ፓኬጅ እንደሚገባ የሚወስነው አዲሱ ጌታ ነው።

መጠባበቂያ ሲታሰብ ዋናውን የሚያቆመው ነገር መጠባበቂያውንም ያቆመው እንደሆነ ይታይ። ዳታ በሌለበት ከተማ ሰርቨር መጠባበቂያ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሁለተኛ ዲኮደር ምን ይፈይዳል?

የቅድሚያ ገንዘብ እስኪሠራበት ድረስ የደንበኛው ነው። ለብቻው ይቀመጥ፣ ቴሌቪዥን አይገዛበት። ይሄን በተለይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ 18,000 ብሩ ሳጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር።

የመጨረሻው ብዙዎቻችን የማንወደው ነው። የቤት ዲኮደር ለቤት ነው። ሰው አስከፍሎ ለሕዝብ ማሳየት የራሱ የንግድ ውል አለው፣ ዋጋውም ይለያል። ይህ ቤት ለዓመታት በቤት ውል ሠርቷል፣ እንደ ብዙዎቹ። ከዚህ ጣጣ በኋላ ውሉን አንብበን ነው ያወቅነው። በ2017 ወደ ንግድ ውል ገባ፣ መግቢያውን 20 ብር አደረገ። ባጃጅ ነጂዎቹ ለጥቂት ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ግማሾቹ ተመለሱ። ጥቅሙ ከኪሳራው ይበልጣል ወይ? ባለቤቱ እስካሁን ይጨቃጨቃል። እኔ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ቅሬታ ሲኖረው በራሱ ስም ደውሎ መጠየቅ ይችላል፣ ቀድሞ ግን እንዳይታወቅበት ይደበቅ ነበር።

ካርድ አሁንም ይሸጣል። 20 ጨዋታ ብቻ። ጀርባው ላይ «የሚታየው ጨዋታ በየሐሙሱ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ሰሌዳው ላይ ያልወጣ ጨዋታ አልተሸጠም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ እትዬ በራሷ እጅ «ሻይን አይጨምርም» ብላ አስጨምራለች።